ከበሮዬን ያወረድኩበት ሜዳ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ሐሙሲትን አልፎ ጉማራ ወንዝን ሲሻገር መሬቱ ጋደም ይልበታል። እስከዚያ ከጉብታ ጉብታ ሲወጣና ሲወርድ የመጣው አስፋልት ቀጥ ይላል፤ በስተግራ እስከ ጣና ዳር፣ በስተቀኝ እስከ ደብረ ታቦር ተራሮች ግርጌ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። የወረዳው ከተማ ወረታ፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ፣ እዚሁ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ቤተሰቦቼ ጎንደር፣ ትምህርቴ ባሕር ዳር ስለነበር ገናና ፋሲካ በመጣ ቁጥር በዚህች ከተማ አልፋለሁ። ማለፍ ብቻ። መስኮት ላይ ቆሎና ሙዝ የሚዘረጉ ልጆች፣ መገንጠያው ላይ «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» የሚሉ ረዳቶች፣ ከዚያ የርብ ድልድይ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ፎገራን በቅጡ ያየኋት ከበሮዬን ልሰናበት በሄድኩ ጊዜ ነው። ካየኋት ወዲህ ደግሞ ስሟ ከአፌ አልጠፋም፤ ጓደኞቼን አሰልችቻቸዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው በየካምፓሱ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች የሚሰባሰቡበት ግቢ ጉባኤ አለ። ጉባኤው ክፍል ክፍል አለው፤ የትምህርት፣ የልማት፣ የሙያ፣ የመዝሙር። ፍሬሽ ሆኜ መዝሙር ክፍል ስመዘገብ ድምፄ ለአውጪነት እንደማይሆን በትሕትና ተነገረኝና ከበሮ ተሰጠኝ። ለእኔ የተረፈው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ካምፓስ ማለት ለእኔ ከበሮ ሆነ። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ፤ ስለ ኮንክሪት የተማርኩት ብዙው ከፈተና ማግስት በንኗል። የማክሰኞና የሐሙስ ማታ ጥናት ግን፣ ከካፌ እራት በኋላ ነጠላችንን አጣፍተን የምንሰለፍበት፣ ምቱ ሳይቀር እጄ ላይ አለ።

ከበሮ ላየው ሰው ቀላል ነው። ሁለት ፊት አለው፤ ትልቁ ይጎረናል፣ ትንሹ ይስላል። በማንገቻው አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ቀኝና ግራ እጅ ይከፋፈሉታል። ችግሩ ምቱ ላይ አይደለም፤ ችግሩ ጉዞው ላይ ነው። ወረብ ሲጀመር ዝግ ይላል፤ በመረግድ እግር ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል። ከዚያ ወደ ጽፋት ሲገባ ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይደረብበታል። በዚህ መካከል ያለውን ሽግግር የሚወስነው ከበሮ መቺው ነው። እኔ ከቸኮልኩ ረድፉ በሙሉ ይቸኩላል፤ እኔ ከዘገየሁ ከኋላ ያሉት የፊተኞቹን ተረከዝ ይረግጣሉ። ጥምቀት ላይ ታቦታቱን አጅበን በባሕር ዳር ጎዳና ስንወርድ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ነጠላው በላብ ይጣበቃል፤ ማንገቻው አንገት ይልጣል። ያን ቀን ማታ ዶርም ውስጥ አንገቴን ቅባት የቀባችኝ ልጅ «ምን አስገደደሽ?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

አሜሪካ ኮሌጅ የምትማር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። እሷ የኮሌጇ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ትነፋለች። በስልክ የምትልክልኝ ቪዲዮ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ልጆች አንድ ዓይነት ልብስና ባርኔጣ ለብሰው፣ በጨዋታ ዕረፍት ላይ ሜዳውን ሞልተው፣ እየነፉ ይሄዳሉ፣ ይዞራሉ፣ ይበተናሉ፣ ይገጥማሉ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹ በመጨረሻው ጨዋታ ቀን መሣሪያቸውን እንዳቀፉ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። መጀመሪያ ስቄባት ነበር፤ ለቆርቆሮ እንዲህ ይለቀሳል ወይ ብዬ። ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ፣ ሆኜ የራሴ ሲደርስ ግን ሳቁ ቀረ።

እኛ አገርም ማርሽ ባንድ ብርቅ አይደለም። ምረቃ ቀን ገዋን የለበሰውን ሰልፈኛ ፊት ፊት እየመራ ወደ አዳራሽ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ የፖሊስ ማርሽ ባንድ ነው። የዚህ የናስ ሙዚቃ ታሪክ የታወቀ ነው፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ አስመጥተው የንጉሠ ነገሥቱ ባንድ አደረጓቸው። «አርባ ልጆች» ተባሉ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በንጉሡ ዘመን የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከዚያ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦር ባንዶች መጡ፤ ዛሬ ዓለም «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ የሚያደንቀው የናስ ድምፅ ብዙው የወጣው ከእነዚህ ቤቶች ነው። ይህን ሁሉ ራሴ ፈልጌ አንብቤያለሁ። ልቤ ያለበት ሰልፍ ግን ሌላ ነው፤ ዕድሜውም ከናሱ ይበልጣል። የት እንደተወለደ የነገሩን ወረብ ያስጠኑን የነበሩት መሪጌታ ናቸው።

ጂሲዎችን ጉባኤው በጉዞ ነው የሚሸኘው። አንዳንዱ ዓመት ላሊበላ ይኬዳል፣ አንዳንዱ ዓመት የጣና ገዳማት። የእኛን ዓመት ጉዞ ስንመርጥ መሪጌታ ከጥግ ሆነው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ናበጋ ሂዱ» አሉ። ናበጋ የት ነው? «ፎገራ። ስትዘምሙ የኖራችሁት ከዚያ መጥቶ ነው። ሳታዩት ባትሄዱ።» አንዳንዶቻችን ተያየን። ፎገራ ሩዝ ነው፣ ፎገራ ሽንኩርት ነው፤ ፎገራ ለጉዞ?

ወረታ የደረስነው ግንቦት 22 ቀን ከቀትር በፊት ነው። አውቶቡሳችን ጎማ ለማስተካከል ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማዋን በእግሬ ረገጥኳት። ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ የሚቀበለው የመፈልፈያ ማሽን ጩኸት ነው። የሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ ተያይዘዋል፤ በየበራቸው ላይ ጆንያ ተደርድሯል፣ ከጓሮ ደግሞ የገለባው ክምር ቤት ያህላል። አቧራው ወርቃማ ነው፤ የሠራተኞቹ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ተኝቷል። አንዱ መፈልፈያ ቤት በር ላይ ቆሜ ሳፈጥ የማሽኑ ባለቤት፣ ሽበት የጀማመራቸው ሰው፣ «ግቢ፣ ግቢ፤ ሩዝ አይተሽ አታውቂም እንዴ?» አሉኝ። አይቻለሁ፤ ከነልብሱ ግን አይቼ አላውቅም። እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ። ቅርፊቱ ሸካራ ነው፤ በጣቴ ሳሸው ውስጡ ነጭ ወጣ።

«ይኼ ሜዳ ድሮ ክረምት ክረምት ውኃ ነበር» አሉኝ። «ጉማራና ርብ ሞልተው ይተኙበታል። እኛም ቁጭ ብለን ውኃው እስኪሸሽ እንጠብቅ ነበር። ሲሸሽ ጓያ፣ ሽምብራ እንዘራበታለን። ሩዝ ሲመጣ ጊዜ ውኃው ራሱ እርሻ ሆነ።» ነገሩ በጽሑፍም ያለ ነው፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ ወረዳ ጅግና እና በፎገራ ሻጋ በነበሩ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ሩዝ ሞከሩ። ማኅበራቱ ከሥርዓቱ ጋር ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ገበሬው እጅ ቀረ። ዛሬም በሜዳው የሚታወቀው ዝርያ ስሙ ኤክስ ጅግና ነው። ወረታ ላይ አሁን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ ማንም ልብ ሳይለው፣ ዳር እስከ ዳር ያለ ሕዝብ የሚበላውንና የሚዘራውን የለወጠበት ቦታ ነው። ስንቴ በዚህ ላይ ተኝቼ እንዳለፍኩ ሳስበው ገረመኝ።

ምሳ የበላነው የሩዝና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ ነው። የምግብ ቤቷን ባለቤት «እትዬ፣ ይኼ ጤፍ ነው?» ስል ሳቀችብኝ። ሩዝ ለብቻው ሲሆን ይደርቃል፤ ከጤፍ ጋር ሲቦካ ግን ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ መጠኑን ማወቅ የእጅ ነገር ነው አለችኝ። የእጅ ነገር ሲሉኝ ይገባኛል። ወጡ ሽሮ ነበር፤ ከጎኑ የወረታ ቲማቲም በቃሪያ ተከትፎ። ከዚያ በፊት የበላሁት ቲማቲም ሁሉ ቲማቲም አልነበረም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ብዬዋለሁ።

ከወረታ ወደ ናበጋ ያለው መንገድ ወደ ሐይቁ ይወስዳል። አስፋልቱ ይቀራል፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ዋልካ። ግንቦት ላይ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጎማ ውጦ አይተፋም። እንዲያውም ሹፌራችን ሰማዩን እያየ ነበር የሚነዳው፤ ምዕራቡ ጠቆር ሲል ይቆጣል። ገበሬው ግን ያንኑ ደመና በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። በየማሳው እየታረሰ ነበር፤ የውኃ መያዣ ድንበሮች እየተደለደሉ ነበር። ጥማድ በሬ ከሚከተሉት ነጫጭ ወፎች ጋር ቀስ እያለ ሜዳውን ያቋርጣል። ከፍ ያለ ነገር ሲታይ ወይ ቤተ ክርስቲያን የከበበ ዛፍ ነው፣ ወይ በጉብታ ላይ የተሠራ መንደር። መንደሩ ለምን ጉብታ ላይ እንደወጣ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ለማያስታውስ ሰው ሊገባው አይችልም። ያን ክረምት ርብና ጉማራ ወጥተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ፤ ሰው ከነከብቱ ተፈናቀለ።

ከብቱ ራሱ ሌላ ወግ ነው። የፎገራ ላም ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ናት፤ ተክለ ቁመናዋ ትልቅ፣ በወተቷ የታወቀች። ድሮ ሜዳው የእሷ ነበር ይላሉ። መንገድ ላይ ውኃ ልንጠይቅ የቆምንበት እረኛ ልጅ ግን የሚጠብቀው ጥቂት ነው። «ግጦሹን ሩዝ በላው» አለ፤ ከዚያም አከለ፣ «ግን ሩዙ ጭድ አለው፤ እሱን እንሰጣቸዋለን።» የግብርና ተመራማሪዎች ብዙ ገጽ የጻፉበትን ጉዳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ወደ ከብቶቹ ዞረ።

ናበጋ ጊዮርጊስ ስንደርስ መሸትሸት ብሎ ነበር። ያስተናገዱን የደብሩ አባቶች እግራችንን ታጥበን፣ ዳቦና ጠላ ቀምሰን ስናበቃ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዱን። ጣናን ከባሕር ዳር በኩል አውቀዋለሁ፤ እዚያ መናፈሻና ጀልባ አለው። እዚህ ሐይቁ የሚያልቅበትና ሜዳው የሚጀምርበት አይለይም። ውኃው ሣር ውስጥ ይገባል፣ ሣሩ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሰፊ ቦታ እምቦጭ ለብሶ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሲያዩት ያምራል፣ ለዓሣ አጥማጁ ግን መርዶ ነው። የአካባቢው ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ዳር ላይ እምቦጩ ያልደረሰበት የደንገል ጥግ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ውኃው ይነሣል፤ ደንገሉ በአንድነት ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ይመለሳል፣ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ይመለሳል። አይቸኩልም። አብረውን የነበሩት የደብሩ መምህር፣ የኔታ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው «እንግዲህ ተክሌ ይኼው ነው» አሉ።

አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በምንም ቤት፣ በምንም ጠጅ ላይ፣ አንድ ሰው «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን…» ካለ የሚቀጥለው ሳቅ ነው። ነገሥታቱን በቃል ሲወጉ፣ በሚስታቸው በወይዘሮ ማዘንጊያ ሲያሾፉ፣ ሌላውን በቅኔ ሲቀጡ፣ ራሳቸውም በቅኔ ሲቀጡ። እኔም ከሕፃንነቴ የማውቃቸው በዚህ ነው። እዚህ ናበጋ መወለዳቸውን፣ ከዚያ ሁሉ ቀልድ በፊት ደግሞ የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌቱ ዝማሜ፣ ሊቅ መሆናቸውን የነገረኝ አልነበረም። የኔታ እንደሚተርኩት አለቃ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተቀያይመው ጣና ላይ ሬማ ደሴት ተሸሽገው ሳለ ማዕበሉ ደንገሉን ወዲህና ወዲያ ሲያመላልሰው ያያሉ። ከዚያ ዝማሜው እንዲሁ ይሁን ብለው ያበጃሉ፤ መቋሚያው እንደ ደንገሉ ይዘንበል፣ ሰውነቱም ይከተለው። ጎንደር ያሉ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም፤ የአባቶቻችን አቋቋም ይበቃናል አሉ። ሥርዓቱን ተምሮ ይዞ የወጣው ልጃቸው ተክሌ ነው። ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፣ በስሙም «ተክሌ አቋቋም» ተባለ። ዛሬ ተክሌን ተምሮ ምስክር መሆን የፈለገ ደቀ መዝሙር የሚሄደው ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ነገር ደስታ ልበለው። አገሩ የሰውየውን አፍ አስታውሶ እግራቸውን ረስቷል። ቀልዳቸውን ሰብስበን አሳትመናል፣ በቴፕ ቀድተናል፤ ለእግራቸው ግን ሐውልት የለንም። ሐውልት የማያስፈልገው በየጥምቀቱ ስለሚንቀሳቀስ ሊሆን ይችላል። እኔም ካምፓስ አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ተደራርቦ፣ ማታ ማታ ስለማመደው የነበረው ማዘንበልና መመለስ ከዚህ ደንገል የወጣ መሆኑን ሳስብ እዚያው ዳር ላይ ቆሜ በባዶ እጄ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሦስተኛ ዓመቶቹ ሳቁ፤ ቀጥለው ግን ራሳቸው ገቡበት። ሐይቁ ዳር ሃምሳ የሚሆን ተማሪ ያለ ዜማ ሲወዛወዝ ያየ ታንኳ ቀዛፊ ቆሞ ተመለከተን፤ ምን እንዳሰበ አልጠየቅነውም።

ሌሊቱን ማኅሌት ቆመ። እኔ በሴቶቹ መቆሚያ በኩል ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ካህናቱና ደባትሩ በሁለት ረድፍ ተያይተው ቆሙ፤ በአንድ እጅ ጸናጽል፣ በሌላው መቋሚያ። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ መቋሚያው ይነሣል። ከዚያ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ጸናጽሉ ሻካራ ድምፁን ይጥላል፤ ከበሮው ገና ነው። የሚደነቀው ይህ «ገና» ነው። የካምፓስ ልጆች ቶሎ መድመቅ እንወዳለን፤ እነዚህ ግን አንዱን ቃል ይዘው ሩብ ሰዓት ያዘግሙበታል። ከበሮው ሲገባ አንድ ሽማግሌ ነበሩ የመቱት፤ ጀርባቸው ጎብጧል፣ አንገታቸው ቀጭን ነው። ትልቁን ፊት አንዴ መቱት። ቆዩ። ትንሹን ነኩት። በመካከሉ ያለው ዝምታ ውስጥ ረድፉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዘነበለ። እኔ ከበሮ በመታሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም። ሊነጋጋ ሲል ጽፋቱ መጣ፤ ሽማግሌው ከየት እንዳመጡት በማይታወቅ ኃይል ተነሡ፣ ዘለሉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ጋቢውን አጣፍቶ ከደጀ ሰላሙ ጥግ የተቀመጠ ደቀ መዝሙር አገኘሁ። ከላስታ በኩል የመጣ ነው። ከየኔታ ዘንድ ዓመታት ቀለም ሲቀጽል ኖሮ አሁን ጨርሷል፤ የሚቀረው ደብረ ታቦር ሄዶ መመስከር ነው። ዕቃው አንድ የጨርቅ ከረጢትና መቋሚያ ነው። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ሲለምን፣ ሌሊት በቃሉ ሲያጠና መኖሩን የነገረኝ እንደ ተራ ነገር ነው። እኔም ተመራቂ መሆኔን ነገርኩት፤ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

«ከበሮውስ?» አለ፤ ሌሊት ሳጨበጭብ እጄን አይቶ ነው መሰለኝ ያወቀው።

«ዛሬ ለታናናሾቻችን አስረክባለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሥራ ፍለጋ ነው።»

ጥቂት አሰበና «እኛ ደግሞ ስንመሰክር ነው ሰው ፊት የምናነሣው» አለ። ነቀፌታ አልነበረበትም፤ ነገሩ እንግዳ ሆኖበት ነው። እኔም ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። በእኛ ዘንድ ምረቃ ማለት የምትወጂውን አስረክበሽ መውጣት ነው። ወረቀቱን ለማግኘት ክሊራንስ ታስፈርሚያለሽ፤ ቤተ መጻሕፍት «መጽሐፉን መልሳለች»፣ ዶርም «ፍራሹን መልሳለች»፣ ካፌ «ካርዱን መልሳለች» ይላል። ግቢ ጉባኤውም የራሱ ንብረት ክፍል ስላለው ከበሮው ቅጽ አለው፤ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ፊርማ። ደቀ መዝሙሩ ግን ወረቀት ሲያገኝ ከበሮ ያገኛል።

ርክክቡ የተደረገው ግቢው ውስጥ ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ጂሲዎች በአንድ ወገን፣ ታናናሾቻችን በሌላው ወገን፣ ሌሊት ደባትሩ እንደቆሙት ፊት ለፊት ቆምን። ደንቡ ጂሲዎች አንድ የመጨረሻ ወረብ ይወርቡና መሣሪያውን ያስተላልፋሉ ነው። ከበሮዬን አንሥቼ አንገቴ ላይ ሳጠልቀው ማንገቻው የለመደበት ቦታ ላይ አረፈ። ጀመርኩ። የሽማግሌው ዝምታ ጆሮዬ ላይ ስለነበር ዘገየሁ፤ ጓደኞቼ ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ አውጪያችን በዓይኑ «ፍጠኚ» አለኝ። አልፈጠንኩም። ቀስ በቀስ ረድፉ ገባበትና ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ከአጥሩ ሥር የተቀመጡት የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው አብረውን ዘመሙ። እኔ ማልቀስ የጀመርኩት በዚህ ጊዜ ነው፤ እጄ ስለተያዘ አፍንጫዬን መጥረግ አልቻልኩም፤ ፎቶው ላይ ያለሁት እንዲህ ነው፤ ለእናቴ አላሳየኋትም። ለአክስቴ ልጅ ግን ላክሁላት። «አሁን ገባሽ?» ብላ መለሰችልኝ።

ከበሮውን የተቀበለችኝ የሁለተኛ ዓመት የጤና ተማሪ ናት፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ማንገቻውን ቋጥሬ አሳጠርኩላት። «ጥምቀት ላይ ከማንገቻው ሥር ጨርቅ አድርጊ» አልኳት። ሌላ ብዙ ምክር አዘጋጅቼ ነበር። የወጣልኝ ይኸው ነው። ንብረት ክፍሉ ቅጹን አቀረበ፤ ፈረምኩ።

በመመለሻችን ደቀ መዝሙሩ እስከ ወረታ አብሮን እንዲሄድ አውቶቡሳችን ላይ አሳፈርነው። ዝናቡ ከኋላችን እየመጣ ስለነበር ሹፌሩ በጥቁሩ አፈር ላይ ነፍስ አልቀረለትም። መንገድ ላይ የቀደመውን እረኛ አየሁት፤ እጁን አወዛወዘልን። ወረታ መገንጠያው ላይ ስንደርስ አውቶቡሱ ወደ ባሕር ዳር ሊታጠፍ ተዘጋጀ። እዚያው ጋ «ደብረ ታቦር! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» የሚለው ረዳት፣ ያው የዓመታቱ ድምፅ፣ ሚኒባሱን እያስነሣ ነበር። ፈተና አልቋል፤ የሚቀረኝ ገዋን መከራየት ብቻ ነው። ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ። ኃላፊያችን «ወዴት ነው?» ሲለኝ «ነገ እመጣለሁ» አልኩት፤ ኃላፊነት እንደማይወስድ በሰው ፊት አስመሰከረና ለቀቀኝ።

«አንድ ሰው» ያለው ረዳት ሁለታችንንም ጫነ፤ እንደሚታወቀው። ደቀ መዝሙሩ ከረጢቱን እግሩ ሥር፣ መቋሚያውን ጉልበቱ መካከል አደረገ። ፊት ለፊታችን የሩዝ ጆንያ ያቀፈች ሴት ነበረች። መንገዱ ጥቂት ሜዳውን ይዞ ይሄድና አውራ አምባን ካለፈ በኋላ ወደ ዓለም በር ሽቅብ ይጀምራል። እዚያ ላይ ዞር ብዬ ሳይ ሜዳው በሙሉ ታየኝ፤ ዳሩ ላይ ሐይቁ፣ መካከሉ ላይ የማሳዎቹ ድንበር፣ ከሩቁ ዝናቡ። ደቀ መዝሙሩን ሌሊት ሽማግሌው የመቱትን ምት እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። የሴትዮዋን ጆንያ በዓይኑ አስፈቀደና በጣቱ ትልቁን ፊት መታ፣ ቆየ፣ ትንሹን ነካ። እኔም ከጎኑ መታሁ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ጆንያውን ግን ወደ እኔ አስጠጋችልኝ።

«አይደለም» አለኝ። «ቀኝሽን አታስቸኩዪው። እንደገና።»